ወረፋው ላይ ያለው ስምሽ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 12

የኔ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ይህን ወረቀት የያዘው ሰው ለምርምር ጣቢያችሁ ጄኔሬተር ናፍጣ የሚያመላልሰው የቦቴ ሾፌር ነው። መንገዱ ለአንድ ጉዞ ብቻ ተከፍቷል ተብሎ ነገ ማለዳ ይነሳል። ተራራው ላይ ይድረስ አይድረስ እሱም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው። አንቺን ለማግኘት የቀረኝ መንገድ ግን እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታግሰሽ አንብቢው። እኔም የስንቱን ተማሪ ፊደል ታግሼ አንብቤያለሁ።

አባትሽ ደህና ነው። ጉልበቱ ደረጃ መውጣት እምቢ ስላለው አልጋውን ታች ሳሎን አውርደነዋል። “ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው፤ እኔማ ገና ነኝ” እያለ ይቀልዳል። ሐኪሙ ግን እኔን ብቻዬን በረንዳ ላይ አስቁሞ፣ ልቡ ድንጋጤ እንደማይችል ነግሮኛል። ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ። ነገሩን በቅደም ተከተል ካልነገርኩሽ እኔው ራሴ ይጠፋብኛል።

ከመሄድሽ በፊት ያስያዝሽኝን ሥራ አልተውኩም። “እማ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላ ሰው ሳያነበው ሁላችንም ወደምንጋራው የፕሮግራም ኮድ እንዳይገባ የሚጠብቅልን ያስፈልጋል። አንቺ ዕድሜ ልክሽን የቤት ሥራ አርመሻል፤ ይሄም ያው ነው” ብለሽ ነበር ያግባባሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ያው ነው። መሣሪያችሁ ከሰማይ የሚወርዱትን ቅንጣቶች ይቆጥራል፣ ቁጥሩ በዲስክ ተጭኖ በመኪና እዚህ ይመጣል፣ የላብራቶሪው ተማሪዎችም ሁሉም ከአንድ ማዕድ እየቀዱ ያጣሩታል። ማዕዱ ላይ አንድ ሰው አፈር ቢበትን ሁሉም አፈር ይበላል። ለዚህ ነው የማልለቃቸው። በቀደም ጓደኞቹ ችኩሌ የሚሉት ልጅ፣ አንዱን ጊዜ በሰከንድ፣ ሌላውን በሚሊሰከንድ ይዞ ሁለቱን ደምሮ አመጣልኝ። መለስኩበት።

“ቲቸር፣ ፕሮግራሙ እኮ ይሠራል!” አለኝ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

“ሌባም ይሠራል ልጄ። እኔ የጠየቅሁህ የሚሠራው ምን እንደሆነ ነው።”

ይህን ቀልድ የጻፍኩልሽ እንድትስቂ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስቅ ነገር ያለኝ አይመስለኝም።

በመስከረም መግቢያ የእናንተ አካባቢ ስልክ ሲቋረጥና መንገዱ ሲዘጋ፣ ከጣቢያው ሰዎች አብዛኞቹ ቀድመው እንደወረዱ፣ አንቺ ግን “መሣሪያው ብቻውን አይተውም” ብለሽ ከጥበቃውና ከአንድ ቴክኒሻን ጋር እንደቀረሽ ሰማን። ያን ቀን እህል ውሃ አላልኩም። በማግስቱ ላብራቶሪ ገብቼ፣ እንደ ልማዴ የኮምፒውተሩን ወረፋ የሚያሳየውን ሰሌዳ ከፈትኩ። ማሽኖቹ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ የሁሉም ሥራ እዚያ ላይ ተሰልፎ ይታያል። ከላይ ወደ ታች ሳነብ ስምሽን አየሁት። ከጎኑ “በመሥራት ላይ” ይላል።

እንዴት እንደሆንኩ ምን ልበልሽ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያ ሁሉ ልጅ እያየኝ አለቀስኩ። ስልኩ ቢቋረጥም ጣቢያው የራሱ የሳተላይት ዲሽ አለው፤ ልጄ እዚያ ተቀምጣ፣ በጣቷ ነክታ ሥራዋን ወደዚህ ልካለች አልኩ። ቤት ሄጄ ለአባትሽ ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በር ከፍቼ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠይቀኛል።

“ተሰለፈች?”

“ተሰልፋለች።”

“ተራዋ ደረሰ ወይስ እነዚያ ጎረምሶች ቀደሟት?”

“ደርሷል፣ እየሠራች ነው።”

ከዚህ በኋላ ነው ምግብ የሚቀምሰው። አንድ ቀን ብቻ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ “ይህን ሁሉ ሥራ የምትልክ ልጅ ‘ደህና ነኝ’ የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ምን ያቅታታል?” አለኝ። እኔም መልስ አላጣሁም። የሳተላይቱ መስመር ጠባብ ነው፣ ለሥራ እንጂ ለወሬ አልተዘረጋም፣ ልጅህ ደግሞ ሥርዓት ታውቃለች አልኩት። በመልሴ ኮርቼም ነበር። ፍርሃቴ ብቅ ባለ ቁጥር ሥርዓት የሚባል ልብስ አለብሰው ነበር፣ ልጄ።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽ።

የጋራው ዲስክ በሦስት ወር ሕግ እንደሚጠረግ ታውቂያለሽ። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ያልከፈተውን ፋይል ማሽኑ ራሱ ይጠርገዋል፤ ቅጂ የለው፣ መመለሻ የለው። ልጆቹ ይህን ለማምለጥ በአንድ መስመር ትእዛዝ ፋይሎቻቸውን በሙሉ ነካ ነካ ያደርጓቸዋል። ሳይከፍቱት የተከፈተ ይመስላል፣ ቀኑም የዛሬ ይሆናል። “ዳሰሳ” ይሉታል። ዳሰሳ ማጭበርበር ነው፣ የሌላውን ቦታ መንጠቅ ነው ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ከማሽኑ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከአንቺ ፎልደር ከፊሉ ሊጠረግ ነው ይላል። በየቀኑ የሚሠራው ሥራ የሚያነበው ክፍል አይደለም። የራስሽ ጽሑፎች፣ ያልጨረስሽው የመመረቂያ ሥራሽ፣ ሥዕሎችሽ ካሉበት ክፍል የተወሰኑ ፋይሎች ናቸው።

እዚያ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። የምትሠራ ልጅ የራሷን ጽሑፍ ሳትከፍት ይህን ያህል ለምን ትቆያለች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ተማሪ ቢሆን ይህን ጥያቄ በቀይ እጽፍበት ነበር። እኔ ግን የታየኝ ያ ሁሉ ልፋትሽ ተጠርጎ ሲሄድ ብቻ ነው። የትኛው ፋይል መቼ እንደተከፈተ ሳላይ፣ ግራና ቀኝ ገልመጥ ብዬ፣ ፎልደርሽን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ዳሰስኩት። ቤት ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ትናንት ዲስኩ ሞላና የሁሉም ሥራ ቆመ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ ቁልፌ የምትሉት፣ ፊቱን አጨማዶ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ስለሆነ ተቆጥቶም ቢሆን “እርስዎ” ማለት አይረሳም።

“ቲቸር፣ ዲስኩን የሚሞላው የልጅዎ ሥራ ነው። በየቀኑ ውጤት ይደርብበታል። ትንሽ ቀነስ እንድታደርግ ይንገሯት እንጂ።”

“በምን ልንገራት? ስልክ የለ፣ መንገድ የለ። አንተ የምታገኝበት መንገድ ካለህ ለእኔም ንገረኝ።”

“እኔ ከየት አመጣለሁ! በየቀኑ ‘ደህና ናት’ የሚሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“ሥራ ትልካለቻ!”

ቁልፌ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሳይቀመጥ የማይነገር ነገር ሊነግረኝ እንደሆነ ገባኝ።

“ቲቸር፣ ይሄ ሥራ በሰው እጅ የሚላክ አይደለም። ይኸውልዎ፣ ሰዓት ተሞልቶለት በራሱ የሚነሳ ነው። ከመሄዷ በፊት እዚሁ ማሽን ላይ ሞልታው ነው የሄደችው። በየጠዋቱ ይነሳል፣ ያንኑ የድሮ ዳታ ያነባል፣ ያንኑ ውጤት ያወጣል።”

የቅዳሜውንና የእሑዱን ውጤት ጎን ለጎን ከፈተልኝ። ከፊደል እስከ ነጥብ አንድ ናቸው። ስንት ቀን ሙሉ ስምሽን እያየሁ ‘ልጄ አለች’ ያልኩት ነገር፣ ባለቤቱ በሌለበት ቤት የሚደውል ሰዓት ነበር።

“ታዲያ በራሷ እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የገባችው መቼ ነው?” አልኩት።

ፈለገ። ማሽኑ ማን እንደገባ የሚያስታውሰው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ወር ውስጥ አንቺ የለሽም። ዲሹ ይሠራ እንደሆነ ከዚህ መሞከር አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይቻልም፤ እናንተ ከዚያ ትከፍቱታላችሁ እንጂ ከዚህ ወደዚያ አይከፈትም አለኝ። የጋራው ኮድ ላይ የመጨረሻው እርማትሽ ስልኩ ከመቋረጡ በፊት የነበረው ነው፤ እኔው ነኝ ያነበብኩት።

“ቆይ ቆይ፣ አይዞዎት” አለኝ። “የራሷ ጽሑፎች አሉ። እነሱን ሰዓቱ አይነካቸውም፤ ከከፈተቻቸው በእጇ ነው የከፈተቻቸው። ቀናቸውን እንይ። ስልክ ከተቋረጠ በኋላ አንዱን እንኳ ከፍታ ከሆነ፣ ያኔ ደህና ነበረች ማለት ነው።”

ፎልደርሽን ከፈተ። እኔ ግን ከመክፈቱ በፊት አውቄዋለሁ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ቁልፌ። “ሁሉም አንድ ቀን ነው የሚሉት። ባለፈው ሳምንት! አንድ ሰው ዳስሷቸዋል። የቱ ደንቆሮ ነው እንዲህ የሚሠራው? አንድም የሚነበብ ቀን አላስቀረም እኮ!”

“እኔ ነኝ” አልኩት።

ዞሮ አየኝ። “ቲቸር፣ እኔ እንዲህ ማለቴ—”

“ትክክል ብለሃል። የሆነው ሆኗል፣ ቀጥል።”

ልጄ፣ ይህን ስጽፍልሽ ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም፤ የዚያ ጊዜ ገና ነው። የማውቀውንና የማላውቀውን እንድትለዪልኝ ነው። የማውቀው፣ ባለፈው አንድ ወር አለመግባትሽን ነው። የማላውቀው፣ ከመስከረም መግቢያ እስከዚያ ድረስ ገብተሽ እንደሆነ ነው። እሱን የሚነግሩኝን ቀኖች በገዛ እጄ አጥፍቻቸዋለሁ። ካልገባሽም ምክንያቱ የዲሹ መበላሸት ይሆናል፣ የናፍጣው ማለቅ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ይሆናል። ያን ሌላውን ብዕሬ እምቢ ብሎኛል። የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት ማን እንደተረተው ባውቅ ኖሮ አፉን እይዘው ነበር።

ቁልፌ ክፉ ልጅ አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከሌላ ቦታ ዲስክ መፈለግ እችላለሁ። ሰዓቱን ካላቆምነው ስሟ ከሰሌዳው አይወርድም። የጋሼን ነገር አውቃለሁ” አለኝ። አባትሽን ማለቱ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ‘እሺ’ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ጠዋትም ስምሽን ባየው አልጠላም፤ ውሸት መሆኑን እያወቅሁም ቢሆን። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ለልጆች ያስተማርኩትን ነገር ለራሴ መርሳት አልቻልኩም። ሚዛን ላይ ዕቃ ከመጫንሽ በፊት ሚዛኑን ባዶ ታደርጊዋለሽ። ያ የተሞላ ሰዓት በየጠዋቱ ስምሽን እየጠራ እስከቆየ ድረስ፣ አንቺ ራስሽ ብትመጪ እንኳ ማን እንደመጣ አላውቅም። የእውነት ድምፅሽን ለመስማት የሐሰቱ ዝም ማለት አለበት።

“አቁመው” አልኩት።

“እኔ አልችልም ቲቸር። እርስዎ ይጫኑት” ብሎ ቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እኔ ገፋው።

ተጫንኩት። ሰሌዳው ትንሽ ቆየና ራሱን አደሰ። ከአንቺ በታች የነበሩት ስሞች አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጡ። ቦታሽ ባዶ ሆኖ እንኳ አልቀረም፣ ልጄ፤ ሞሉት።

ከዚያ በቀጥታ ነዳጅ ማደያው ድረስ ሄጄ ሾፌሩን አገኘሁት። ጎማ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

“ማዘር፣ እስከ ኬላው ድረስ መንገዱን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። ከኬላው በላይ ያለውን ግን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ደብዳቤ ከሆነ አደርሳለሁ፣ ሌላ ዕቃ አልይዝም።”

“ደብዳቤ ብቻ ነው። ለልጄ ነው። መሣሪያው ጋ የምትሠራዋ።”

“ያቺ ቀጭኗ? አውቃታለሁ እንጂ! ሻይ ላፍላልህ ብላኝ፣ ስለ ሰማይ ስታወራኝ ሻዩ ተንኖ በራዱ ብቻ ቀረ። ‘አንቺ ልጅ፣ ምሁር ባትሆኚ ኖሮ በጥም አትገድዪኝም ነበር’ አልኳት።” ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ስላንቺ በሕይወት እንዳለ ሰው ሲያወራ መስማት እንዴት እንደናፈቀኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ “ካላገኘኋትስ ማዘር? ለማን ልስጠው?” አለኝ።

“ለማንም አትስጥ” አልኩት። “መልሰህ ለእኔው አምጣው።” ይህን ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

እንግዲህ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ የምልሽን በጥንቃቄ አድርጊ። ዲሹ የሚሠራ ከሆነ አንድ ሥራ ወረፋው ላይ አስገቢ። ምንም ይሁን፤ ሁለትና ሁለትን ደምሪበት። መልእክት መጻፍ አይጠበቅብሽም፣ ማብራራትም የለብሽም። ሰሌዳው አሁን ንጹሕ ነው፤ ስምሽ ከታየ አንቺ ነሽ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ዲሹ የማይሠራ ከሆነ በሾፌሩ እጅ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላኪልኝ፤ የእጅ ጽሕፈትሽን በጨለማ እለየዋለሁ። እሱ ጋ ለአንድ ሰው ቦታ ካለ ደግሞ ወረቀቱን ተይውና ራስሽ ውረጂ።

ስለ መሣሪያው እንዳትከራከሪኝ። አማካሪሽ ፕሮፌሰሩ ምን ይላሉ፣ ዳታው ይቋረጣል፣ የሦስት ዓመት ልፋት ነው እንደምትዪ አውቃለሁ። የእናትሽን ግትርነት ወርሰሻልና። ሰማዩ ነገም ይዘንባል፣ ቅንጣቱ ነገም ይወርዳል፣ የጎደለውን ወር ‘ጎድሏል’ ብለን እንጽፋለን። ፎልደርሽ ለቀጣዩ ሦስት ወር አይጠረግም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን እኔ እዚህ እያለሁ የሚነካው የለም። ውረጂ፣ ልጄ።

የቀረኝ የአባትሽ ነገር ነው። ትናንት ማታ ቤት ስገባ እንደ ወትሮው ጠየቀኝ። ከበሩ ቁልፍ ድምፅ ነው መምጣቴን የሚያውቀው።

“ተሰለፈች?”

ሐኪሙ በረንዳው ላይ ያለኝን አሰብኩ። የሰሌዳውን ባዶነት አሰብኩ። የእሱ ሳህን ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቅ ነበር።

“ተሰልፋለች” አልኩት። “ተራዋ ደርሶ እየሠራች ነው።”

“ጎሽ” ብሎ ሳህኑን ሳበ። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ፊቴን እንዳያየው።

አሁን ይህን ስጽፍ ከሳሎን ሆኖ ይጣራል። “አንቺ! ጠዋት ተነስተሽ ለማን ነው የምትሞነጫጭሪው?”

“ለልጅህ ነው።”

“አታስረዝሚባት፣ ሥራ በዝቶባታል። አልጻፍኩላችሁም ብላ እንዳትጨነቅ ንገሪያት። እኔ በየቀኑ እያየኋት ነው በያት።”

እሺ ብዬዋለሁ። ይኸው ነገርኩሽ።

ያሳደገሽ አምላክ በፊትሽም በኋላሽም ይሁን። የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፣ ያየሽ ሁሉ እንደ እህቱ ይይሽ። እኔ ከነገ ጀምሮ ሰሌዳው ፊት ተቀምጫለሁ። ለአባትሽ ያልኩትን እውነት አድርጊልኝ፣ ልጄ።

እናትሽ